የአውሮፕላን ውልብልቢት ምን ያህል ይጠምዘዝ?

በሀገራችን አስመላሽ ዘፈሩ በቮልስዋገን መኪና ሞተር አውሮፕላን መሥራቱን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ዛሬ ሰዎች በራሳቸው እጅ በሚሠሩት እንደዚህ ዓይነት ትንሽ አውሮፕላን ላይ ስላለ አንድ ከባድ ጥያቄ እንነግራችኋለን። ጥያቄው ስለ ውልብልቢቱ ወይም ስለ ፕሮፔለሩ ነው።

ብሎን አይታችኋል አይደል? እንጨት ውስጥ አንድ ዙር ስናዞረው ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል። ውልብልቢትም አየሩን እንደዚሁ እየበሳ ወደ ፊት ይሄዳል። በአንድ ዙር ሊሄድ የሚገባው ርቀት ፒች ይባላል። የውልብልቢቱ መቅዘፊያ ብዙ ከተጠመዘዘ ፒቹ ይበዛል፤ ትንሽ ከተጠመዘዘ ያንሳል።

እስቲ በሒሳብ እንየው። ፒቹ 1 ሜትር ነው፣ ውልብልቢቱም በደቂቃ 3000 ጊዜ ይዞራል እንበል። በደቂቃ 3000 ሜትር ማለት ነው። በ60 ስናባዛው በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አየር ግን እንደ እንጨት ጠንካራ ስላልሆነ ውልብልቢቱ ትንሽ ይንሸራተታል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ባነሰ ፍጥነት ይሄዳል።

"ታዲያ ፒቹን 2 ሜትር ብናደርገው 360 ይሄድልናላ!" ትሉ ይሆናል። አይሄድም! ማርሽ ያለው ብስክሌት የነዳ ሰው ምክንያቱን ያውቃል። በከባድ ማርሽ ዳገት ስንወጣ ፔዳሉ እምቢ ይላል፤ ላብ በላብ ሆነን እንቆማለን። ሞተሩም ፒቹ ሲበዛበት እንደዚያው ነው። 3000 ጊዜ መዞር ሲገባው ከዚያ በታች ይቀራል። ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ደግሞ በደንብ ሲዞር ነው። አውሮፕላኑ ሜዳው ላይ ይንደረደራል፣ ይንደረደራል፣ ግን ቶሎ አይነሳም። ሜዳው አልቆ ዛፍ ከፊት ቢመጣስ? ለዚህ ነው ነገሩ የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው።

ፒቹ በጣም ካነሰስ? ቁልቁለት ላይ በቀላል ማርሽ እንደመንዳት ነው። እግራችን ይሽከረከራል፣ ብስክሌቱ ግን አይፈጥንም። ሞተሩም ከልኩ በላይ ይዞራል፣ ይግላል፣ ሊሰበርም ይችላል።

ስለዚህ ሠሪዎቹ ከመብረራቸው በፊት አውሮፕላኑን በደንብ አስረው ሞተሩን ሙሉ ነዳጅ ይሰጡታል፤ ዙሩንም በመቁጠሪያው ያነባሉ። ቆሞ ሲሞከር ዙሩ ከመጨረሻው ልክ ትንሽ ማነስ አለበት። ምክንያቱም አየር ላይ አውሮፕላኑ ሲፈጥን ለሞተሩ ይቀለዋል፣ ዙሩም ይጨምራል። በጣም ካነሰ ፒቹን ይቀንሳሉ፤ ከበዛ ይጨምራሉ።

ይህን በደንብ ያሰቡት የብስክሌት ሠሪዎቹ የራይት ወንድማማቾች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1903 የሠሩት ሞተር 12 የፈረስ ጉልበት ገደማ ብቻ ነበረው። ስለዚህ ርዝመታቸው 2.6 ሜትር የሚሆን ሁለት ውልብልቢቶችን ከእንጨት ጠርበው በብስክሌት ዓይነት ሰንሰለት አገናኟቸው። ሞተሩ ሦስት ጊዜ ገደማ ሲዞር ውልብልቢቶቹ አንድ ጊዜ ይዞሩ ነበር። በዲሴምበር 17 አውሮፕላኑ ተነሳ፤ 12 ሴኮንድ በረረ። ትንሽ ጉልበት ከልኩ ውልብልቢት ጋር ሲገጣጠም ሰው ያነሳል ማለት ነው!

እናንተም ከተበላሸ መጫወቻ ትንሽ ሞተር አውጥታችሁ፣ ከሃይላንድ ፕላስቲክ ውልብልቢት ቆርጣችሁ፣ በባትሪ ድንጋይ ሞክሩት። መቅዘፊያውን አንዴ ትንሽ፣ አንዴ መካከለኛ፣ አንዴ ብዙ ጠምዝዙት። የትኛው የበለጠ ንፋስ ይሰጣል? ሞተሩስ መቼ ይደክማል? ሲዞር ግን ጣታችሁን እንዳታስገቡ!

የዚህ እትም ጥያቄ፦ ፒቹ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ውልብልቢቱ በደቂቃ 2500 ጊዜ ቢዞር፣ ምንም ሳይንሸራተት በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? መልሱን ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን አስገቡ። ቸር እንሰንብት!