ክረምቱ የልጆችን ንባብ እንዳይወስደው ወላጆች ምን ማድረግ ይችላሉ?

ባሕር ዳር፦ የትምህርት ዘመኑ ተጠናቅቆ ተማሪዎች ካርዳቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ከሐምሌ እስከ መስከረም መግቢያ ያለው ጊዜ ለተማሪው የእረፍት፣ ለአርሶ አደሩ ግን የዓመቱ ዋነኛ የሥራ ወቅት ነው። ጤፍ የሚዘራው፣ በቆሎ የሚኮተኮተው፣ ከብት ከሰብል የሚጠበቀው በዚሁ ጊዜ በመኾኑ የገጠር ልጅ እረፍት ከደብተር ወደ በትር መዛወር ማለት ኾኖ ቆይቷል። በከተማ ደግሞ ወላጅ ሥራ ላይ ሲውል ልጅ ከቴሌቪዥንና ከስልክ ጋር ይውላል። አኗኗሩ ቢለያይም ሁለቱም ልጆች ሁለት ወር ሙሉ አንድ ገጽ ሳያነቡ መስከረም ላይ ይደርሳሉ።

ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚመለከተው ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ነው። ንባብ የጸናለት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሁለት ወር መጽሐፍ ባይነካ ፊደል አይጠፋውም። ፊደል ለይቶ ቃል መገጣጠም የጀመረ ልጅ ግን ሥሩ ገና መሬት እንዳልያዘ ችግኝ ነው፤ ጥቂት ሳምንታት ከተተወ ይጠወልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ 39 ጥናቶችን አጣምሮ የመረመረ ሥራ ተማሪዎች በረጅሙ እረፍት በአማካይ የአንድ ወር ያህል ትምህርት እንደሚዘነጉ፣ ከንባብም ይልቅ ሒሳብ ቶሎ እንደሚረሳ አመልክቷል። የመርሳቱ መጠን ይህን ያህል መኾኑን በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ይከራከሩበታል። በእኛ ሀገር ያለው ችግር ግን ከመርሳት በፊት ይጀምራል። በ2002 ዓ.ም በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚኾኑት ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳን ማንበብ አልቻሉም ነበር። በክልላችን በጸጥታ ችግር ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው የቆዩባቸው ወረዳዎች እንዳሉ ሲታሰብ ደግሞ ለብዙ ልጆች ይህ ክረምት የሁለት ወር ክፍተት ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ በነበረ ክፍተት ላይ የሚጨመር ነው።

መዘዙ የሚታየው በመስከረም ነው። መምህሩ አዲሱን መጽሐፍ ይጀምራል። ማንበብ የተሳነው የ3ኛ ክፍል ልጅ የሚቸገረው በአማርኛ ብቻ አይደለም፤ የሒሳቡም የአካባቢ ሳይንሱም ጥያቄ የተጻፈው በፊደል ነው። ልጁ በጓደኞቹ ፊት መነሣት ያፍራል፤ ከብቶቹ ፊት ግን የሚያፍርበት ነገር የለም። ከትምህርት ገበታ የሚርቅ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚርቀው አንድ ቀን ወስኖ አይደለም፤ አንድ ቀን ቀርቶ፣ ቀጥሎም ሳምንት ቀርቶ ነው።

ብዙ ወላጆች “ልጄ ፊደል ጨርሷል” የሚሉት ልጁ ከሀ እስከ ፐ ሳይሳሳት ሲወርድላቸው ሰምተው ነው። በዜማ መውረድ ግን ማንበብ አይደለም። ልጁ ፊደሉን ሳያይ፣ ጆሮው የለመደውን ቅደም ተከተል ብቻ እየተከተለ ሊወርደው ይችላል። የቀደመው የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ያውቅ ነበር። ተማሪው ፊደሉን በተርታ ከቆጠረ በኋላ ወደ አቡጊዳ የሚሸጋገረው ለዚህ ነው፤ “አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ” እያለ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ድምፆች በተለያዩ ፊደላት ላይ ሲያገኛቸው ዜማው አያድነውም፤ ቅርጹን ማየት ግድ ይኾንበታል። ለክረምቱ ከዚህ የተሻለ መመዘኛ መፈለግ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ማንበብና መጻፍ የማይችል ወላጅም ይህን መመዘን ይችላል። ልጁ ገጹን ሲያነብ ጣቱን በየቃሉ ሥር ያድርግ። ድምፁ ከጣቱ ቀድሞ ከሄደ የሚያነበው ከቃል ትውስታው ነው። ከገጹ መካከል አንድ መስመር ላይ መዳፍ አሳርፎ፣ ከሥሩ ካለው መስመር ጀምሮ እንዲያነብ ማዘዝ ይቻላል። ከዚያም “ምን ይላል?” ብሎ መጠየቅ ነው። ያነበበውን በራሱ ቃል መናገር ካልቻለ አፉ እንጂ ልቡ አላነበበም። ማንበብ የሚችል ወላጅ ወይም ታላቅ እህት ካለች ደግሞ ሊን ከሌ፣ ተን ከቸ፣ ነን ከኘ ለይቶ እንደኾነ በተናጠል ትጠይቀው። ሣልስ ከእግሩ ላይ ጭረት፣ ኃምስ ደግሞ ቀለበት እንደሚይዝ ልብ ያላለ ልጅ ሁለቱን ሲያምታታ ክረምቱን ይከርማል።

ለዚህ ሥራ በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ዋናው ነገር ሰዓቱ ያልተቆራረጠ መኾኑ ነው፤ በየቀኑ የሚነበብ ግማሽ ሰዓት እሑድ ብቻ ከሚነበብ ሦስት ሰዓት ይበልጣል። ከብት ከመውጣቱ በፊት ያለው ማለዳ ወይም ከብት ከገባ በኋላ ብርሃን ሳይጠፋ ያለው ጊዜ ይመቻል። ጎረቤታሞች ከብት በተራ በሚያስጠብቁባቸው አካባቢዎች ነገሩ ይቀላል። ሦስት ቤተሰቦች ከብታቸውን ቢያቀላቅሉ አንድ ልጅ በየሦስት ቀኑ አንድ ቀን ብቻ ያግዳል፤ ሁለቱን ቀን ለንባብና ለጨዋታ ያተርፋል።

የመማሪያ መጽሐፉን ትምህርት ቤቱ ሰብስቦት ከኾነ ርእሰ መምህሩን ለክረምቱ እንዲያውሱ መጠየቅ አያሳፍርም። በፌስታል የተጠቀለለ መጽሐፍ ዝናብ አይነካውም። ያ ካልተገኘም የታላቅ ወንድም ያለፈ ዓመት ደብተር፣ በዘር ከረጢትና በሳሙና መጠቅለያ ላይ ያለ የአማርኛ ጽሑፍ፣ የእድር ደብተር ሁሉ ይነበባል። አያት ማታ የነገረችውን ተረት ልጁ በማግሥቱ በአምስት መስመር ቢጽፈው ንባብና ጽሕፈት አብረው ይሄዳሉ። ተረቱም አይጠፋም።

ሒሳቡን በተመለከተ የአርሶ አደሩ ልጅ ከከተማው ልጅ ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ ማሳው ራሱ ጥቁር ሰሌዳ ነውና። በቆሎ በመስመር ሲዘራ በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት እንዲኖር ይመከራል። 15 ሜትር ርዝመትና 6 ሜትር ስፋት ባለው የጓሮ መሬት ላይ 8 መስመር ይወጣል፤ በእያንዳንዱ መስመር 50 ተክል ይኖራል፤ በድምሩ 400 ነው። ልጁ ይህን በወረቀት ካሰላ በኋላ ወርዶ የበቀለውን ይቁጠር። 340 ካገኘ ከመቶ 85 በቅሏል ማለት ነው። ቀሪው 60 የት ሄደ? ዘሩ ነው፣ ወፍ ነው፣ ወይስ ውኃ ተኝቶበት? ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ ለአባትም ይጠቅማል።

ዝናብ መለካትም እንዲሁ ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ዛፍና ጣራ በማይከልለው ቦታ ይቀመጣል። ልጁ በየማለዳው በማስመሪያ ለክቶ፣ ቀኑን ጽፎ ይደፋዋል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። 24 ካሬ ሜትር በኾነ የቆርቆሮ ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 480 ሊትር፣ ማለትም ሃያ ሊትር በሚይዝ ጀሪካን 24 ጀሪካን ይወርዳል፤ ጥቂቱ በመንገድ ቢባክንም። ውኃ በተራ ለሚደርሳቸው የከተማ ቤተሰቦች ይህ ስሌት ከትምህርትም በላይ ነው። ዶሮ የታቀፈችበትን ቀን ጽፎ 21 ቀን መቁጠር ደግሞ ለ1ኛ ክፍል ልጅ የሚኾን የቤት ሥራ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። የገጠር ልጅ ይህን ከቁርስ በፊት ይጨርሰዋል፤ ምክሩ የከተማውን ልጅ የሚመለከት ነው። በክረምት ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ በመኾኑ ማለዳው ለሩጫ፣ ለገመድ ዝላይና ለሰኞ ማክሰኞ ይተርፋል። ዝናብ ሲጥል ገበጣና ቅልሞሽ አሉ፤ ገበጣ የሚጫወት ልጅ ሳያውቀው ሲደምርና ሲቀንስ ይውላል። ነሐሴ 13 ለሚውለው ቡሄና ከነሐሴ 16 ጀምሮ በዋግ፣ በላስታና በቆቦ ለሚከበሩት ሻደይ፣ አሸንድዬና ሶለል ግጥም ማጥናትም ቋንቋ ያጎለብታል። በከተሞች የወጣቶች የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት በየዓመቱ ነጻ የማጠናከሪያ ትምህርት ስለሚሰጥ ወላጆች በየቀበሌያቸው ቢጠይቁ መልካም ነው።

ልጅን ሥራ ማለማመድ ነውር አይደለም፤ ከአቅሙ በላይ ማሠራት ግን ሌላ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርታቸው ወይም በጤናቸው ላይ ጉዳት የሚያደርስ ሥራ እንዳይሠሩ መብት ሰጥቷቸዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የኾነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ለክረምቱ ተብሎ በእረኝነት የሚቀጠር ልጅ ስምምነቱ እህል እስኪገባ የሚዘልቅ ከኾነ መስከረም ላይ በክፍል ውስጥ አይገኝም።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው የፀረ አረም ኬሚካል ነው። ቱ ፎር ዲ የመሰሉ መድኃኒቶች የሚረጩት ልጆች ማሳ በሚውሉበት በዚሁ ወቅት ነው። ለመርጫው ውኃ የሚያመላልሰው፣ አንዳንዴም የሚበጠብጠው ልጅ ኾኖ ይታያል። ይህ ሊቆም ይገባል። ልጆች በሚረጭበት ማሳ አቅራቢያ መዋል፣ መርጫ ማጠብ፣ ባዶ ዕቃውንም ለመጠጥ ውኃ መጠቀም የለባቸውም፤ ዕቃው ታጥቦም ለውኃ አይኾንም። ወንዝን በተመለከተ እዚህ ፀሐይ ቢኾንም ላይ ቤት ከዘነበ ደራሽ ሊመጣ ስለሚችል ጎርፉ እስኪጎድል መጠበቅ እንጂ መሻገር አይገባም። በከተማ ለግንባታ ተቆፍረው ውኃ የሞላባቸው ጉድጓዶች የልጆችን ሕይወት እንዳይቀጥፉ መታጠር አለባቸው። ነጎድጓድ ሲሰማ ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ለመብረቅ መጋለጥ መኾኑን እረኞች ሊነገራቸው ይገባል።

በነሐሴ መጨረሻ፣ ለምዝገባ ከመሄድ በፊት፣ ልጁ በሐምሌ መጀመሪያ ያነበበውን ገጽ በድጋሚ ያንብብ። ያኔ የተሰናከለባቸው ፊደላት ዛሬም ካሰናከሉት በወረቀት ጽፎ ለክፍል መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት መስጠት ይቻላል። መጽሐፉን ወደ ዓይኑ በጣም አስጠግቶ የሚያነብ ወይም ከሰሌዳ ማየት እንደሚቸገር የሚናገር ልጅ ካለ ግን ትምህርት ከመከፈቱ በፊት በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ዓይኑን ቢታይ ይመረጣል።