መንዝና ግሼ አውራጃ በቀድሞው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት

መንዝና ግሼ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረ አውራጃ ሲሆን ዋና ከተማው መሐል ሜዳ ነበረ። ዛሬ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ የሆነችው ዘመሮም በዚሁ አውራጃ ውስጥ ነበረች።

በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና የአካባቢ ሹሞች ነበሩ፤ ባላገሩ ድምፅ አልነበረውም። ይህን የለወጠው በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። አገሪቱ በተቻለ መጠን እያንዳንዳቸው 200,000 ሕዝብ በሚይዙ የምርጫ ወረዳዎች እንድትከፈል፣ ከየወረዳውም 2 እንደራሴዎች ለ4 ዓመት እንዲመረጡ ደነገገ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. ተካሄደ። የፖለቲካ ፓርቲ ስላልነበረ ዕጩዎች የሚወዳደሩት በግላቸው ነበር።

ዕጩ ለመሆን የምርጫ ወረዳው ነዋሪና በዚያው ንብረት ያለው መሆን ግድ ነበር። ይህ በደቡብ መሬት የሌለውን ጭሰኛ ከዕጩነት የሚያርቅ መስፈርት ነው። በመንዝ ግን መሬት በርስት፣ በአባትም በእናትም ወገን እየተቆጠረ ይወረስ ስለነበር ተራው ገበሬም ባለ መሬት ነበር። ለባዕድ የማይሸጥን ርስት በብር መተመን ግን ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ ምክር ቤቱም ተዘጋ። በዚያው ዓመት የካቲት በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትም ቀረ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ለተቋቋመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከእያንዳንዱ የምርጫ ክልል የሚመረጠው 1 ተወካይ ነው።