በጥርስ ብቻ የቀረ አዞ

በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ ካለችው ከጎልቦ በስተምዕራብ፣ በዚያው ካውንቲ ውስጥ፣ የቱርካና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይገኛል። በዚህ ዳርቻ ያለው ኩቢ ፎራ ስሙ የገነነው በጥንታዊ ሰው ቅሪት ቢሆንም በደለሉ ውስጥ የአዞ ቅሪትም ሞልቷል። አዞ ዕድሜ ልኩን ጥርስ ይቀይራላ! የዛሬው የናይል አዞ በአንድ ጊዜ ከ64 እስከ 68 ጥርስ ይኖረዋል፤ ከእያንዳንዱ ሥር ደግሞ ተተኪው ያድጋል። ስለዚህ አንድ እንስሳ የሚተወው የራስ ቅል አንድ ሲሆን ጥርሱ ግን በሺህ ይቆጠራል።

የወደቀ ጥርስ ሹል ሆኖ፣ ግርጌው እንደ ቀንድ ዋንጫ ክፍት ነው። ሥር የለውም፤ ተተኪው ሲያድግ የአሮጌው ሥር ሟሙቶ ያልቃል። ሥሩ ያልተነካ ከሆነ ባለቤቱ የሞተው ጥርሱን ሳይጥል ነው። ከጫፉ በሁለት ጎን ቀጭን የስለት መስመር ይወርዳል፤ ጣት ሲያልፍበት ይታወቃል።

የአዞ ጥርስ መሆኑን ለመለየት ይህ በቂ ነው። የትኛው አዞ? ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በአንድ አፍ ውስጥ የፊቱ ረጅምና ሹል፣ የኋላው አጭርና ደነዝ ስለሆነ፣ የአንድ አዞ ሁለት ጥርሶች ከሁለት ዝርያ ጥርሶች በላይ ሊለያዩ ይችላሉ። ከአንዲት ጥርስ ተነስቶ የዝርያ ስም የሚሰጥን ሰው እኔ በቀላሉ አላምነውም።

ፍርዱን የሚሰጠው መንጋጋው ነው። ዩቴኮዶን የተባለው የጠፋ አዞ አፈ ሙዙ ረጅምና ቀጭን ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጥርስ የተተከለው ለብቻው ጎላ ባለ ጉብታ ላይ ነው፤ የመንጋጋው ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ወጣ ገባ ይላል። አንዱ ዝርያው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከኦሞ ሸለቆ ቅሪቱን በሰበሰበው በፈረንሳዊው ኤሚል ብሩምፕት ስም ተሰይሟል። በ2012 ደግሞ ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብሮሹና ግሌን ስቶርስ ከቱርካና ተፋሰስ ሌላ የጠፋ ዝርያ አስተዋወቁ፤ ርዝመቱን እስከ 7.5 ሜትር ገምተውታል። የለዩት በራስ ቅሉ ነው።

ጥርስ በሌላ መንገድም ይመሰክራል። ያልደነዘ የአዞ ጥርስ አጥንት ሲነክስ ያ የስለት መስመር ጉድጓዱን መሃል ለመሃል ይሰነጥቀዋል። ታንዛኒያዊው ተመራማሪ ጃክሰን ንጃውና ባልደረባው ሮበርት ብሉመንሻይን በታንዛኒያው ኦልዱቫይ ይህን ምልክት ያገኙት በጥንታዊ ሰው መሰል ፍጡር የእግር አጥንት ላይ ነው።