ዩኒቨርሲቲ በተራ ቁጥር ይመዘናልን?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በየዓመቱ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የደረጃ ዝርዝር ሲወጣ ወሬው ከቢሮ ቢሮ ይዛመታል። አባት ልጁን የሚልክበትን፣ ሹምም ሠራተኛ የሚቀጥርበትን ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ቁጥር ሲመዝን እናያለን። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር እንደ መሆኔ፣ ተማሪዎቼም የምርጫ ቅጽ በሚሞሉበት ጊዜ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከምን እንደሚሠራ መመርመር ተገቢ ይመስለኛል።

በቻይና አገር የሻንጋይ ጂያኦ ቶንግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ዝርዝር እጅግ የታወቀ ነው። በዚህ ሚዛን ከመቶ 30 እጅ የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲው ለተማሩ ወይም በዚያ እየሠሩ ለተሸለሙ የኖቤልና የፊልድስ ባለሽልማቶች ነው። 20 እጁም «ኔቸር» እና «ሳይንስ» በተባሉት መጽሔቶች ለሚወጣ ጽሑፍ ነው። የትምህርት ጥራት የተባለው ራሱ በተመራቂዎች ሽልማት ይለካል እንጂ ክፍል ገብቶ መምህሩን የሚያይ የለም። ተማሪው አንድ ቀን እንኳ የማያገኘው ባለሽልማት ምን ይፈይድለታል? ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

ሌሎች ዝርዝሮች ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ስለ ራሱ የሚሰጠውን ቃል ይቀበላሉ። በአሜሪካ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በአገሩ ዝርዝር 2ኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የዚያው የሒሳብ ፕሮፌሰር ማይክል ታዴየስ የቀረበው መረጃ ትክክል አለመሆኑን ገለጡ፤ በዚያው ዓመትም ወደ 18ኛ ወረደ። መምህራኑና ቤተ መጻሕፍቱ ግን እነዚያው ነበሩ።

ይህን ስል ምዘና አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ የማይመረመር ተቋም ይተኛልና። በአገራችን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። የፈተናው ውጤት በየዩኒቨርሲቲውና በየትምህርት ክፍሉ ተለይቶ፣ አንድ መምህር ስንት ተማሪ እንደሚደርሰው፣ ቤተ ሙከራው በእርግጥ ይሠራ እንደ ሆነ፣ ከተመረቁትም ስንቱ ሥራ እንዳገኘ ተጨምሮ በየዓመቱ ለሕዝብ ቢገለጥ፣ ሕክምና የሚሻው የሕክምናውን፣ ምሕንድስና የሚሻው የምሕንድስናውን አይቶ ይመርጣል። አንዱ ዩኒቨርሲቲ በአንዱ ጠንክሮ በሌላው ሊደክም ይችላልና፣ ሁሉን በአንድ ቁጥር መጠቅለል ለወጣቱ አይበጅም።

ሠራተኛ የምትቀጥሩ ወገኖቼም፣ ከሩቅ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ወጣት ከበር እንዳይመለስ፣ ከዲፕሎማው ማኅተም በፊት የልጁን እውቀት መርምሩ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከአዲስ አበባ