በሽተኛውን ማን ጠየቀው?

አንድ ሰው ዐቅሉ ሲታወክ ከጎረቤት የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ «ጂን ነው ወይስ ዐይን?» የሚል ነው። ሩቅያው ይቀራለታል፤ ካልተሻለው ገመድ ይፈለጋል። በየቡና በአካባቢዋ ቡና ለቀማ ደርሶ ቤተሰቡ ማሳ ሲውል፣ የታመመውን ማን ይጠብቀው?

አሳሪዎቹን ጨካኞች ማለት ይቀላል። ነገር ግን በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ ተመራማሪዎች ስኪዞፍሬኒያ ይዟቸው ስለሚታሰሩ ሰዎች አጥንተው በ2009 ዓ.ም. ያሳተሙት ጽሑፍ ሌላ ነገር ያሳያል። ቤተሰብ የሚያስረው ልጁ እንዳይጠፋበት፣ እንዳይጎዳ ወይም ሰው እንዳይጎዳ ፈርቶ፣ ሕክምናም አጥቶ ነው። እናት ታስራለች፤ ታለቅሳለችም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ብዕር ከተነሳላቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ዐቅሉን ያጣ ሰው መሆኑን ነግረውናል፤ እስኪሻለው ድረስ አይጻፍበትም። ታዲያ አላህ ያልጻፈበትን ሰው እኛ እንደ ወንጀለኛ እንሰረው? ሸሪዓ ወሊይ የሚያቆምለትም ጥቅሙንና ንብረቱን እንዲጠብቅለት እንጂ እንዲረግጠው አይደለም።

ደግነቱ ዛሬ ከየቡ ተነስቶ ለአእምሮ ሕክምና የግድ አዲስ አበባ አማኑኤል ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ጅማ ላይ ሐኪም አለ። ይሁንና ሰንሰለቱ ስለተፈታ ብቻ ነገሩ አላለቀም። አራት ጎረምሳ ይዞት፣ ምን እንደሚወጋ ሳይነገረው መርፌ የተወጋ ሰው ሁለተኛ ወደዚያ ደጅ መመለስ ይፈራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ኢሰብዓዊ አያያዝን ይከለክላል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 14 ጉዳተኝነት ብቻውን ነፃነትን ለማሳጣት ምክንያት አይሆንም ይላል። የስምምነቱን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ ያለ ፈቃድ ማከምን ጨርሶ አይቀበልም። ብዙ ሐኪሞች ግን ዛሬ ማታ ራሱን ሊያጠፋ የተነሳን ሰው ዝም ብለን እንመልከተው ወይ ሲሉ ይሞግታሉ።

በእኔ በኩል ሐኪሞቹ እውነት አላቸው እላለሁ፤ ነፍስ ሲያሰጋ መያዝ ግድ ነው። ያም ቢሆን ሐኪም ባለበት፣ ለአጭር ጊዜ፣ ሳይዋረድ መሆን አለበት፤ ሲረጋጋም ለምን እንደተያዘ ይነገረው። ከዚያ በፊት ግን ሊሠራ የሚችል ነገር አለ፤ ወጪም የለው። ሕመሙ ሲሄድ ሲመለስ ይኖራልና ደህና በሆነበት ቀን ቡና ተፈልቶ ይጠየቅ። የትኛው መድኃኒት አደከመው? ሲብስበት ማን ይጠራለት፣ አባቱ ወይስ አጎቱ? ማንስ ፈጽሞ አይቅረበው? የሚለውን ጽፎ ለሐኪሙ መስጠት ነው።