«ዶክተር፣ እኔ እኮ ብዙ አልበላም!»



የስኳር ሕመም ክትትል ላይ ይህን ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም። ታካሚዎቼ አይዋሹም፤ ቁርስ፣ ምሳና እራታቸው ልክ ነው። ችግሩ የማይቆጠረው ላይ ነው፦ ጉርሻው፣ የቡና ቁርሱ፣ ልጆች ያስተረፉት፣ ቴሌቪዥን እያዩ የሚቆረጠመው ቆሎ።

ለመሆኑ የምንበላው ሲርበን ብቻ ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ ጥናት፣ ከባድ የመርሳት ችግር ላለባቸው ሁለት ሰዎች ምሳ በበሉ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ሌላ ምሳ ቀረበላቸው። በሉት! ሦስተኛ ሲቀርብም አብዛኛውን ጊዜ ጀመሩት። ሆዳቸው ሙሉ ነበር፤ መብላታቸውን ግን አላስታወሱም። «በቃኝ» የምንለው በሆዳችን ብቻ ሳይሆን በዐይናችንና በትዝታችንም ጭምር ነው ማለት ነው።

እስቲ ቤታችንን እንይ፦

👉 ትሪው፦ እ.ኤ.አ. በ2002 በተሠራ ጥናት የቀረበው ማካሮኒ እጥፍ ሲሆን ሰዎች 30 በመቶ ያህል ተጨማሪ ካሎሪ በልተዋል። እኛ ጋ ደግሞ እንጀራው ሲያልቅ ይጨመራል፤ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም።

👉 ጨዋታው፦ ከወዳጅ ጋር ስንበላ ብቻችንን ከምንበላው የበለጠ እንበላለን። «በሞቴ!» ሲባል ማን እምቢ ይላል? አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎም ሁለተኛው ይከተላል።

👉 ቡናው፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በሲኒ 2 የሻይ ማንኪያ ስኳር ከጨመሩ በድምሩ 6 ማንኪያ፣ 25 ግራም ገደማ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት «በቀን ከዚህ በታች ቢሆን ይመረጣል» የሚለው መጠን በአንድ ቡና አለቀ! ፈንዲሻው ላይ የተነሰነሰው ገና አልተቆጠረም።

ታዲያ ቡናውም ማዕዱም ይቅር? በፍጹም! አብሮ መብላት ጸጋ ነው። ይልቅ እንዲህ ያድርጉ፦

✅ ድርሻዎን ቀድመው በሳህን ያውጡ።
✅ ስኳሩን በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል።
✅ ቆሎና ብስኩት ከጠረጴዛ ላይ ይነሱ። ካማረዎት በትንሽ ሳህን ይዝገኑ።
✅ ቤተሰብ ሆይ! ታማሚው «በቃኝ» ሲል ይመኑት። ማጉረስ ካማረዎት ጎመን ያለበት ትንሽ ጉርሻ ይሁን።

⚠️ ኢንሱሊን ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ምግብ በድንገት አይቀንሱ፣ አይዝለሉም። ስኳርዎ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ።

ከዛሬ ጀምሮ ለ3 ቀን አፍዎ የገባውን ሁሉ፣ ጉርሻውንም ጭምር፣ ይጻፉና ለቀጠሮዎ ይዘው ይሂዱ። ያ ወረቀት ከሌለ ስኳርዎ አልወርድ ሲል ሐኪሙ «መድኃኒቱ አልበቃም» ብሎ ሊጨምርልዎት ይችላል። መቀነስ የነበረበት ግን የሲኒው ስኳር ሊሆን ይችላል።

ስኳር ላለበት ወዳጅዎ ያጋሩ። ጤናዎ ይብዛ!