የአሮጌው ቴሌቪዥን ዕጣ

ቴሌቪዥን ሲባል ለረጅም ዘመን በሰው ኅሊና ይታይ የነበረው ጀርባው ያበጠ፣ ለማንሣት ሁለት ሰው የሚጠይቅ ከባድ ሣጥን ነበር። ዛሬ ግን ስሙን በግድግዳ ላይ እንደ ሥዕል የሚሰቀለው ስስ ሰሌዳ ወርሶታል። ይሁን እንጂ ሣጥኑ ከሱቅ ጠፋ ማለት ከምድር ጠፋ ማለት አይደለም። አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ወዴት ይሄዳል? ይህን ጥያቄ በጎረቤታችን በኬንያ ዋና ከተማ፣ በናይሮቢ ከሆነው ነገር አንጻር እንመረምራለን። ናይሮቢን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከአሮጌው የሥርጭት ዘዴ ወደ አዲሱ የተሻገረችው ከብዙ ሙግት በኋላ ስለ ሆነ፣ የተጣለ ዕቃ የሚያስከትለው ጉዳትም በዚያው ከተማ የተጠና ስለ ሆነ ነው። በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ አሮጌው መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ መረዳት ያስፈልጋል። የመሣሪያው ልብ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ፈርዲናንድ ብራውን በ1897 ከሠራው ቱቦ የመጣ ትልቅ የመስተዋት ቱቦ ነው። ቱቦው በአንድ በኩል እንደ ጠርሙስ አንገት የጠበበ፣ በሌላው በኩል እንደ ገበታ የሰፋ ሲሆን፣ በውስጡ የነበረው አየር ተመጥጦ ወጥቷል። በአንገቱ ውስጥ የሚግል የብረት ክፍል ኤሌክትሮን የሚባሉትን ረቂቅ ቅንጣቶች ያመነጫል። እነዚህም በአንገቱ ዙሪያ የተጠመጠመው የመዳብ ሽቦ በሚፈጥረው የመግነጢስ ኀይል እየተመሩ፣ በመስተዋቱ ገጽ የውስጥ በኩል የተቀባውን ፎስፈር የተባለ ዱቄት ይመታሉ፤ ዱቄቱም በተመታበት ቦታ ያበራል። ጨረሩ ገበሬ ማሳውን ትልም በትልም እንደሚያርስ ሁሉ፣ ገጹን ከላይ ጀምሮ እስከ ታች መስመር በመስመር ያዳርሳል። በኬንያም ሆነ በኢትዮጵያ በተሠራበት ሥርዓት አንድ ምስል በ625 መስመሮች የሚጻፍ ሲሆን፣ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 25 ምስሎች ይፈራረቃሉ።

ኤሌክትሮኖቹን በሚፈለገው ፍጥነት ለመወርወር በባለ ቀለሙ ቴሌቪዥን ውስጥ 25,000 ቮልት ያህል ያስፈልጋል። በዚህ ኀይል የተወረወሩት ቅንጣቶች ሲጋጩ ጥቂት ኤክስ ሬይ ይፈጠራል። ተመልካቹን ከዚህ ጨረር ለመከላከል ሲባል በመስተዋቱ ውስጥ፣ በተለይም በኋለኛው ክፍሉ፣ እርሳስ ይጨመርበታል። እርሳስ ስንል መጻፊያውን ማለታችን አይደለም፤ በመጻፊያው ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት የሚባል የከሰል ዘመድ ነው። እዚህ ላይ የምንናገረው በመኪና ባትሪ ውስጥ ስለሚገኘው ከባድ ብረት ነው። እንደ ሣጥኑ መጠን ከአንድ እስከ ሦስት ኪሎ ግራም የሚደርስ እርሳስ በአንድ ቴሌቪዥን መስተዋት ውስጥ ሊኖር ይችላል። አንባቢ ይህን ነጥብ ልብ ይበል፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ስሱ ሰሌዳ የሚሠራው በሌላ ዘዴ ነው። በአብዛኛው ከበስተኋላው መብራት፣ ከመብራቱም ፊት ፈሳሽ ክሪስታል የሚባል ነገር አለ። ይህም በኤሌክትሪክ እየታዘዘ፣ እንደ ብዙ ጥቃቅን መስኮቶች ብርሃኑን ያሳልፋል ወይም ይጋርዳል። ቱቦ ስለሌለው ቀላል ነው፤ የሚፈጀውም ኤሌክትሪክ ያነሰ ነው። በዓለም ገበያ የዚህ ዐይነቱ ሰሌዳ ሽያጭ ከቱቦው የበለጠው በ2007 መጨረሻ ገደማ ነው። በዚያው ዘመን ወራሽ ይሆናል ተብሎ ብዙ የተነገረለት ፕላዝማ የተባለው ሰሌዳም ነበር፤ ዳሩ ግን ታላላቆቹ አምራቾች በ2014 አካባቢ ሥራውን ስለ ተዉት፣ ከቱቦው ብዙም ሳይቆይ ራሱ አሮጌ ዕቃ ሆነ።

ወደ ናይሮቢ እንመለስ። በኬንያ የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው በ1962፣ ማለትም ከኢትዮጵያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሲሆን፣ ማሠራጫውም የተተከለው ከናይሮቢ አጠገብ በሊሙሩ ነበር። ቴሌቪዥን ከባለጸጎች ቤት አልፎ ወደ ሕዝቡ በሰፊው ሲዛመት ስሙ ከሚነሣው ዕቃ አንዱ ከቻይና ይመጣ የነበረው ግሬት ዎል የተባለው ትንሽ ሣጥን ነው። ይህ ሣጥን በመኪና ባትሪ ስለሚሠራ የኤሌክትሪክ መሥመር ያልደረሰበት መንደር እንኳ ገብቷል።

በ2006 በጄኔቭ በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት፣ የአፍሪካና የአውሮፓ አገሮች ዲጂታል ያልሆነውን የቀድሞ ሥርጭት እስከ ሰኔ 17 ቀን 2015 ድረስ እንዲተዉ ቀን ተቈርጦ ነበር። ኬንያ አዲሱን ሥርጭት በታኅሣሥ 2009 ጀመረች። ይሁን እንጂ ወዲያው የተሻለ ሁለተኛ ዘዴ ስለ ተመረጠ፣ ቀድመው መቀበያ የገዙ ሰዎች ገንዘባቸው በከንቱ ቀረ። ከዚያም የግል ጣቢያዎችና መንግሥት ለብዙ ጊዜ በፍርድ ቤት ተሟገቱ። በመጨረሻም በየካቲት 14 ቀን 2015 ባለሥልጣኑ የቀድሞውን ማሠራጫ ስለ ዘጋ፣ ሲቲዝን፣ ኤንቲቪና ኬቲኤን የተባሉት ታላላቅ ጣቢያዎች ለሦስት ሳምንት ያህል ከአየር ጠፉ።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ተመለከተ። ዲጂታል የሆነው በአየር የሚመጣው መልእክት እንጂ የምስሉ መስተዋት አይደለም። አዲሱን መልእክት ወደ አሮጌው ቋንቋ የሚተረጒም አንድ ትንሽ መቀበያ ከተገዛለት፣ ባለ ቱቦው ሣጥን እንደ ቀድሞው ይሠራል። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ባላቸው ሽቦዎች ማገናኘት ይበቃል። አቅሙ የሌለው ቤተሰብ ያደረገውም ይህንኑ ነው። የሣጥኑን ሞት ያወጀው የሥርጭቱ ለውጥ ሳይሆን፣ የሰሌዳው ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት መውረዱ ነው።

የሣጥኑን ዕድሜ ያራዘሙት ጠጋኞች ናቸው። በናይሮቢ ባለሙያን ፉንዲ ይሉታል፤ በጐዳና ላይ የሚሠሩትን የእጅ ባለሙያዎች ደግሞ ጁዋ ካሊ ይሏቸዋል፤ በስዋሂሊ የጋለ ፀሐይ ማለት ነው። ኤሌክትሮኒክስ በብዛት በሚሸጥበት በሉቱሊ ጐዳና አካባቢ ስሱ ሰሌዳ በየመስኮቱ ሲደረደር፣ አሮጌው ሣጥን ግን በጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ይታከማል። የተቃጠለ ትራንስፎርመር ወይም ያበጠ ካፓሲተር ከሞተው ሣጥን ተፈትቶ ለሕያው ይሰጣል። የማይተካው ቱቦው ነው፤ አዲስ የሚሠራለት ፋብሪካ የለምና።

እንግዲህ ወደ እርሳሱ መጣን። ሣጥኑ ሳይሰበር በቤት ውስጥ ሳለ እርሳሱ ከመስተዋቱ ጋር የተዋሐደ ስለ ሆነ ተመልካቹን አይጐዳም። ከተጣለ በኋላ ግን ቃርሚያ ለቃሚው የሚፈልገው መዳቡን ነው። መዳቡን ለማግኘት የቱቦውን አንገት ይሰብራል፤ የሽቦውን ልባስ በእሳት ያቃጥላል። መዳቡ ይሸጣል፤ መስተዋቱ ግን ገዢ ስለሌለው ደቅቆ እዚያው ይቀራል። ተመልካቹን ለመጠበቅ ሲባል የተጨመረው እርሳስ ሰባሪውን የሚያሰጋው በዚህ ጊዜ ነው።

በናይሮቢ ምሥራቃዊ ክፍል ዳንዶራ የሚባል ታላቅ የቈሻሻ መጣያ አለ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በናይሮቢ የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ2007 ባወጣው ጥናት፣ በመጣያው አካባቢ የሚኖሩ 328 ልጆች ተመርምረው፣ የግማሾቹ ደም በጊዜው ከተፈቀደው ልክ ያላነሰ እርሳስ ተገኝቶበታል። ይህ ሁሉ ከቴሌቪዥን መጣ ማለት አይቻልም፤ ባትሪውም፣ ቀለሙም፣ ሌላውም ጥራጊ ድርሻ አለው። ነገር ግን እርሳስ የልጆችን አእምሮ ዕድገት የሚጐዳ መርዝ ስለ ሆነ፣ በዚያ ክምር ላይ ሌላ መጨመር በደል ነው።

በ2006 መጨረሻ ስለ አደገኛ ጥራጊ የተደረገው የባዝል ስምምነት አባል አገሮች ጉባኤ የተቀመጠው በናይሮቢ ሲሆን፣ ስለ ኤሌክትሮኒክስ ጥራጊም በከተማው ስም የሚጠራ መግለጫ አውጥቷል። ለትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተር በማደል ከሚታወቅ ድርጅት ሥራ የተወለደ አንድ ማእከልም ጥራጊውን እየሰበሰበ፣ በእጅ እየፈታ ይለያል። ችግሩ ያለው ከመፍታቱ በኋላ ነው። ቀድሞ የተሰበረው መስተዋት ቀልጦ አዲስ ቱቦ ይሠራበት ነበር፤ የቱቦ ሥራ ሲቆም ግን መስተዋቱ ዋነኛ ገዢውን አጣ።

የኬንያ ምክር ቤት በ2022 ያወጣው የጥራጊ አያያዝ ሕግ ዕቃ የሚሠራ ወይም የሚያስመጣ ሁሉ የዕቃውን መጨረሻ ጭምር እንዲያስብ ያስገድዳል። ለስሱ ሰሌዳ ይህ ደንብ መልካም ነው። ነገር ግን ባለ ቱቦውን ሣጥን ከ20 ዓመት በፊት ያስመጣው ነጋዴ ዛሬ በገበያው ላይኖር ይችላል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ አሮጌውን ሣጥን ሳይሰብር ለሚያስረክብ ሰው ከመዳቡ ዋጋ የበለጠ ገንዘብ ሊከፈለው ይገባል፤ ገንዘቡም ዛሬ በሚሸጠው በእያንዳንዱ አዲስ ሰሌዳ ላይ ጥቂት ሽልንግ በመጨመር ሊሰበሰብ ይችላል።